የተጠረጠረ ንዋየ ቅድሳት ምን ይደረግ?

በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም ባሉት አጥቢያዎች፣ የዕቃ ቤት ቁልፍ የያዙ ካህን አንድ ቀን መሸሽ የማይቻል ጥያቄ ሊገጥማቸው ይችላል። ከሌባ እጅ የተያዘ የእጅ መስቀል በፖሊስ በኩል ተመልሶ ይመጣል፤ መስቀሉ የዚያው ደብር ይሁን የሌላ፣ የተባረከ ይሁን ለጎብኚ ሽያጭ የተሠራ፣ እርግጡን የሚናገር የለም። የብራና ወንጌል ከሣጥን ይወጣል፤ ውኃ ነክቶት ጥቂት መስመሮቹ ደብዝዘዋል፣ መካከሉ ላይም ቅጠል ጎድሏል፤ በቅዳሴ ይነበብበት ወይስ ይቀመጥ? ከሁሉም የሚከብደው በጦርነት ወይም በቃጠሎ ጊዜ ተሸሽጎ ከብዙ ዘመን በኋላ የተገኘ ጽላት ነው። የሸሸጉት አልፈዋል፤ የባረከውን ጳጳስ በዐይኑ ያየ ሰው በሕይወት የለም። እንዲህ ያለውን ዕቃ እንደ ቅዱስ ይዘው ቢሳሳቱ አገልግሎቱ በሐሰት ላይ ይቆማል፤ እንደ ተራ ዕቃ ቆጥረው ቢሳሳቱ ደግሞ የተቀደሰውን አራከሱ። ጥርጣሬው በሁለቱም በኩል ዋጋ ያስከፍላል፤ ስለዚህም ዝም ብሎ ማለፍ መፍትሔ አይሆንም።

አገራችን ለጥርጣሬ ተረት አላጣችም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» ይባላል። ተረቱ መጠርጠርን ያስተምራል እንጂ ከጠረጠሩ በኋላ ያለውን አይናገርም። ስንጥር አለበት ብሎ የጠረጠረ ሰው ገንፎውን ይድፋው? ዐይኑን ጨፍኖ ይዋጠው? ወይስ ብርሃን ወዳለበት ወስዶ ይመርምረው? ከጠረጠሩ በኋላ ምን ይደረግ የሚለውን ጥያቄ ከሌላው ሁሉ በላይ በዝርዝር የመረመረ የሕግ ትምህርት ቢኖር የአይሁድ ነው። ሊቃውንቱ ከሁለት ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ስለ ኦሪት ጥቅልል፣ ስለ መዙዛ፣ ስለ ቀንደ መለከትና ስለ ጸሎት ዕቃ ሁሉ «ቢጠረጠርስ?» እያሉ ጠይቀዋል፤ መልሳቸውንም በታልሙድና ከታልሙድ በኋላ በመጡት የሕግ መጻሕፍት አስፍረዋል። ከዚያ ትምህርት ጎጃም ላይ የሚጠቅመን አንድ መደምደሚያ አለ ብዬ አምናለሁ፦ የተጠረጠረ ንዋየ ቅድሳት ክብሩ ወዲያው ይጠበቅለት፤ አገልግሎቱ እስኪጣራ ይቆይ፤ ውሳኔው ግን የተወሰነ ጊዜና የታወቀ ባለሥልጣን ይኑረው፤ በዕቃው ላይ ያለው ጥርጣሬም ወደ ሰው አይሻገር።

የአይሁድ ሕግ በጥርጣሬ ፊት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዕቃው ከመጠርጠሩ በፊት ምን ነበር?» ብሎ ነው። ደህና መሆኑ የታወቀ ነገር መበላሸቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ደህና ይቆጠራል፤ ብልሹነቱ የታወቀውም መስተካከሉ እስኪታይ በብልሹነቱ ይቆያል። ይህ ግን በጭፍን የሚሠራ ደንብ አይደለም። ረቢ ሙሴ ቤን ማይሞን በ12ኛው ክፍለ ዘመን በጻፉት ሕግ ተፊሊን፣ ማለትም በክንድና በግንባር የሚታሰረው የቆዳ ሣጥን፣ ሽፋኑ ደህና እስከሆነ ድረስ በውስጡ ያለው የብራና ጽሑፍ በየጊዜው ተከፍቶ መመርመር አያስፈልገውም። በበር መቃን ላይ የሚደረገው መዙዛ ግን በግለሰብ ቤት ሲሆን በሰባት ዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሕዝብ መግቢያ ላይ ሲሆን በ50 ዓመት ሁለት ጊዜ ይመረመራል። ልዩነቱ ምክንያት አለው። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያለ ጽሑፍ በቀላሉ አይጎዳም፤ በግድግዳ ላይ ያለው እርጥበትና ብል ያገኘዋል። የሕዝቡ መዙዛ ምርመራው የሚራራቀው ደግሞ በብዙ ሰው ላይ ከባድ ሸክም እንዳይሆን ነው። ስለዚህ በቀድሞ ይዞታ ላይ የምንጥለው እምነት ዕቃው ካለፈበት ሁኔታ ጋር ይመዛዘናል። ከመንበሩ ያልተነሣ ዕቃና በአራት እጅ ዞሮ የተመለሰ ዕቃ አንድ ዓይነት ግምት አይሰጣቸውም።

ሁለተኛው መንገድ መፈተን ነው፤ ይህም በአንድ ጠባብ ጉዳይ ላይ በደንብ ይታያል። የኦሪት ጥቅልል በልማዳዊው ቆጠራ 304,805 ፊደላት አሉት፤ አንዲት ፊደል ብትጎድል ወይም ቅርጿ ቢጠፋ ጥቅልሉ ለጉባኤ ንባብ አይሆንም። በባቢሎን ታልሙድ፣ መናሖት በተባለው ክፍል፣ «ገደለ» ከሚል ቃል ውስጥ ዋው የተባለችው ፊደል እግሯ በብራናው ቀዳዳ እንደተቆረጠ ተነግሯል። ዋው ቀጥ ያለች ዘንግ የመሰለች ፊደል ናት፤ ዘንጓ ካጠረ ዮድ የተባለችውን ትንሿን ፊደል ትመስላለች፤ ያን ጊዜም ቃሉ «ይገደላል» ተብሎ ይነበባል። ጉዳዩ ወደ ረቢ ዘይራ ቀረበ። እርሳቸውም እጅግ ብልህ ያልሆነ፣ ደንቆሮም ያልሆነ ሕፃን እንዲመጣና ቃሉን እንዲያነብ አዘዙ፤ «ገደለ» ብሎ ካነበበ ጥቅልሉ ደህና ነው፣ ካልሆነ አይሆንም። የሕፃኑ መመረጥ ጥልቅ ሐሳብ አለበት። ሊቅ የሆነ አንባቢ ቃሉን በቃሉ ስለሚያውቀው ቀዳዳውን በዕውቀቱ ይሞላዋል፤ የማያነብ ሕፃን ደግሞ ደህናውንም ፊደል አይለይም። የሚፈለገው በብራናው ላይ ያለውን ብቻ የሚያይ ዐይን ነው።

ጎጃም ላይ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይሆንም። ንባብ ቤት የገባ ልጅ ፊደል ለይቶ ማንበብ ሲጀምር መምህሩ የሚያርሙት በጻፈው ወይም ባነበበው ላይ ነው፤ ሊለው በፈለገው ላይ አይደለም። የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ መምህራን ዝና የተመሠረተውም ቃል በቦታው መኖሩን በማጣራት ላይ ነው፤ አገባቡ ያልተስተካከለ ቅኔ ምስጢሩ ቢያምርም ይመለሳል። ስለዚህ ውኃ የነካው የብራና ወንጌል ሲገጥም ትክክለኛው ጥያቄ «ሊቁ ቄስ ከቃላቸው ሊያነቡት ይችላሉ ወይ?» አይደለም፤ እርሳቸው መጽሐፉ ተዘግቶም ሊሉት ይችላሉ። ጥያቄው ፊደሉ ራሱ ይነበባል ወይ ነው። ካልተነበበ መጽሐፉ ለአገልግሎት ከመግባቱ በፊት በሌላ ቅጂ ተመሳክሮ ይታረም። እርግጥ ነው፣ የእኛ ሥርዓት እንደ ኦሪቱ ጥቅልል በአንዲት ፊደል መጽሐፉን አይሽርም፤ በብራና መጻሕፍታችን ላይ በመስመሮች መካከል የተጨመሩ እርማቶች በየገጹ ይታያሉ። ከረቢ ዘይራ የምንወስደው ፍርዱን ሳይሆን ፍርዱ የተመሠረተበትን ነው፤ ዕቃውን እንጂ ምኞታችንን አንመርምር።

ፈተናም የማይፈታው ጥርጣሬ ሲመጣ የአይሁድ ሊቃውንት አንዳንድ ጊዜ ሁሉንም አማራጭ መፈጸምን መርጠዋል። በአዲስ ዓመታቸው የሚነፋው ቀንደ መለከት መካከለኛ ድምፁ የልቅሶ ሲቃ ይምሰል ወይስ ረጅም መቃተት የሚለው አልተረጋገጠም ነበር፤ የቂሳርያው ረቢ አባሁ ሁለቱም በየተራና በአንድነት እንዲነፉ ደነገጉ፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ እንዲሁ ያደርጋል። በተፊሊን ውስጥ ያሉት አራቱ የኦሪት ክፍሎች በምን ቅደም ተከተል ይቀመጡ በሚለውም ረሺ የተባሉት ሊቅና የልጃቸው ልጅ ረቢ ያዕቆብ ታም በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን ተለያይተዋል፤ የሁለቱንም ለመፈጸም ሁለት ጥንድ የሚያስሩ ሰዎች ነበሩ፣ አሉም። ነገር ግን «ሹልሓን ዓሩክ» የተባለው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሕግ ሁለት ጥንድ ማሰርን በትጋቱና በጽድቁ ለታወቀ ሰው ብቻ ፈቅዶ ሌላውን ከልክሏል። ጥንቃቄ ራሱ ለመታየት የሚደረግ ሊሆን እንደሚችል ሕጉ ያውቃል። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም በእኛም ዘንድ «ማጥበቅ አይጎዳም» የሚለው አባባል ሁልጊዜ እውነት ይመስለናል።

ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ትምህርት በክብርና በአገልግሎት መካከል የተደረገው ልዩነት ነው። ያረጀ ወይም የተበላሸ የኦሪት ጥቅልል አይነበብበትም፤ ግን አይጣልም። በሸክላ ዕቃ ውስጥ ተደርጎ ከሊቅ መቃብር አጠገብ ይቀበራል። በካይሮ የቤን ዕዝራ ምኩራብ አሮጌ ጽሑፎች የሚጠራቀሙበት ክፍል ነበረው፤ ምሁሩ ሰሎሞን ሼክተር እ.ኤ.አ. በ1896 እና 1897 ከዚያ ወደ ካምብሪጅ ያመጧቸው ቁርጥራጮች ከ190,000 በላይ ናቸው፤ ለዘመናት ከአገልግሎት የወጣውን እንኳ ለመጣል እጃቸው ስላልደፈረ የተጠበቁ ናቸው። ስለ ጸሐፊው ማንነት ሲጠረጠርም ታልሙድ ደረጃ ያበጃል፤ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው የጻፈው ጥቅልል ይሰወራል እንጂ አይቃጠልም፤ በእንዲህ ያለ ሰው እጅ የተገኘው ግን ማን እንደጻፈው ካልታወቀ አንዱ ወገን ይሰወር ሲል ሌላው ይነበብበት ይላል። እንዲህ ባለው መሐል ላይ ያለ ዕቃ አገልግሎት ቢጎድለውም ክብር አይጎድለውም። ታዲያ መሐል ላይ መቆየቱ ገደብ የለውም ማለት አይደለም። ያልታረመ ጥቅልል በቤት ከ30 ቀን በላይ ሊቀመጥ አይገባም ተብሏል፤ ወይ ይታረም፣ ወይ ይሰወር። ጥርጣሬ የዕቃው ቋሚ መኖሪያ እንዲሆን ሕጉ አይፈቅድም።

ወደ ጽላት ስንመጣ ጉዳዩ በአንድ በኩል ይቀላል፣ በሌላ በኩል ይከብዳል። የሚቀለው ባለሥልጣኑ የታወቀ ስለሆነ ነው። ጽላት በጳጳስ ጸሎትና በቅብዐ ሜሮን ይከብራል፤ ያለ እርሱ ቅዳሴ አይቀደስም፤ ምእመን አያየውም፣ ካህን ካልሆነ በቀር አይነካውም። በጥምቀት ዋዜማ በካህኑ ራስ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ የሚያየው ልብሱንና ጥላውን ነው። የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቅድስናው ከዐይን የተሰወረ ስለሆነ ዕቃውን በማየት ብቻ መክበሩን ማረጋገጥ አይቻልም። ማረጋገጫው ምስክርነትና መዝገብ ነው። ለብዙ ዘመን ደግሞ ምስክሩ ሩቅ ነበር። ከግብፅ ይላክ የነበረው አንድ ጳጳስ ለአገር ሁሉ ነበር፤ ያም አንዱ በሞተ ጊዜ መንበሩ ባዶ ይቆይ ነበር፤ አቡነ ሰላማ እ.ኤ.አ. በ1841 እስኪመጡ ድረስ አገሪቱ ለአሥር ዓመት ያህል ያለ ጳጳስ ቆይታለች። ጎጃም በዚህ በኩል ዕድል የገጠማት በ1870ዎቹ ነው። ራስ አዳል ጥር 1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጥያቄ ከግብፅ ከመጡት አራት ጳጳሳት አንዱ አቡነ ሉቃስ ወደ ጎጃም ተመደቡ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ፣ አቡነ ባስልዮስ፣ የተሾሙት ግን በ1951 ዓ.ም. ነው። ይህ ታሪክ የሚያስተምረን ጥርጣሬ የሚበዛው እምነት ሲጎድል ብቻ ሳይሆን ወሳኙ ሲርቅም ጭምር መሆኑን ነው። ዛሬ ሀገረ ስብከት በቅርብ አለ፤ ስለዚህ በዕቃ ቤት ውስጥ ሳይወሰን የሚያድር ጥርጣሬ የቀድሞው ሰበብ የለውም።

ክብርን ከአገልግሎት መለየት ገደብ ሲያጣ ምን እንደሚሆን መቅደላ ያሳየናል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከወደቁ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው ንዋያተ ቅድሳት መካከል ጽላቶች ነበሩ። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ጽላቶች ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎችም ሆኑ ተመራማሪዎች እንዳያዩአቸው ተደርገው ለብቻ ተቀምጠዋል። እንግዲህ ሙዚየሙ ቅድስናቸውን አምኗል ማለት ነው፤ ማንም እንዳያያቸው የከለከለው እንደ ተራ ቅርስ ስላልቆጠራቸው ነው። ክብሩ ግን እንዲመለሱ አላደረጋቸውም፤ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የሙዚየሙ ሕግ ስብስቡን አሳልፎ መስጠትን ያጠብቃል። ከመቅደላው ዘረፋ ከ150 ዓመት በላይ አልፎም ዛሬ የማይታዩ፣ የማይነኩ፣ የማይቀደስባቸው ናቸው። ይህን ከኤድንብራው ጽላት ጋር እናስተያየው። በዚያ ከተማ በቅዱስ ዮሐንስ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቁምሣጥን ውስጥ የነበረን ጽላት ቀደም ሲል ኢትዮጵያ የኖሩ አንድ ቄስ ዐወቁት፤ ሳይውል ሳያድር ለቤተ ክርስቲያናችን እንዲመለስ ተወሰነ፤ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በብዙ ሺሕ ወጥቶ ተቀበለው። በሁለቱም ቦታ አክብሮት ነበር፤ ልዩነቱ አንደኛው ቦታ ክብሩን ወደ ውሳኔ ማድረሱ ነው። ስለዚህ «አክብረን አስቀምጠነዋል» የሚል መልስ፣ ከለንደንም ይምጣ ከራሳችን ዕቃ ቤት፣ የጊዜ ገደብ ከሌለው መልስ አይባልም።

ከገበያ ጋር የሚያያዘውንም ጥርጣሬ ሕጉ አልረሳውም። ከአይሁድ ውጭ ባሉ ሰዎች እጅ የገቡ ቅዱሳት መጻሕፍትና ተፊሊን ከዋጋቸው በላይ እንዳይገዙ ሚሽና የተባለው የጥንቱ የሕግ ስብስብ ደንግጓል። ለሚወዱት መጽሐፍ ማንኛውንም ዋጋ መክፈል የፍቅር ምልክት ይመስላል፤ ነገር ግን ዋጋ በናረ ቁጥር የሚሰርቅ ይበዛል፤ ያንዱ መጽሐፍ ማስመለሻ የሌሎች አሥር መዘረፊያ ይሆናል። በዘመናችን ከመቅደላ የተወሰዱ ጥቂት ቅርሶች እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ ለጨረታ ቀርበው ነበር፤ ሽያጩ ከቆመ በኋላ ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን ገዝቷቸው ለኢትዮጵያ አስረክቧል። ለዚያ ድርጅት ምስጋና ይገባዋል፤ ግን ነገሩ በየጊዜው በገንዘብ ብቻ የሚፈታ ከሆነ ከጎጃም አጥቢያዎች መስቀልና ብራና ሰርቆ የሚያወጣውን ሰው የሚያበረታ ዋጋ እየተተመነ ይሄዳል። ስለዚህ ጎዳና ላይ ወይም በሱቅ ውስጥ «ይህ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ይሆን?» ብሎ የተጠራጠረ ሰው ለማዳን ብሎ በውድ ከመግዛት ይልቅ ለሕግና ለሀገረ ስብከት ቢያሳውቅ የበለጠ ያድናል።

አሁን ጥርጣሬ ከዕቃ አልፎ ወደ ሰው ሲሻገር የሚሆነውን እንይ፤ ይህን ደግሞ ከእኛው አገር የሄዱ ሰዎች በሥጋቸው ቀምሰውታል። ቤተ እስራኤል በጎንደር፣ በስሜንና በትግራይ ኦሪታቸውን በግእዝ፣ በብራና መጽሐፍ እንጂ በዕብራይስጥ ጥቅልል ይዘው አልኖሩም፤ ከመጻሕፍቶቻቸውም ክርስቲያን ጸሐፊዎች የጻፏቸው ነበሩ። ስለ ሕዝቡ አይሁዳዊነት በካይሮ የነበሩት ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ነበር፤ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍም እ.ኤ.አ. በ1973 ያንኑ አጽንተው ወሰኑ። ውሳኔው እያለ ግን እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 እስራኤል የደረሱት ስደተኞች «ለጥንቃቄ» ተብሎ በውኃ የመጥለቅ ሥርዓት እንዲፈጽሙ፣ መጀመሪያ ላይም ወንዶቹ ምሳሌያዊ የደም ጠብታ እንዲሰጡ ተጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1985 በኢየሩሳሌም በዋናው የረቢዎች መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ለዕቃ ሲሆን ልከኛ የሆነው ጥንቃቄ ለሰው ሲሆን ስድብ ሆነ፤ ምክንያቱም ጥቅልል ቢጠረጠር አያፍርም፣ እናትና አባት ግን በልጆቻቸው ፊት ይዋረዳሉ። የዋናው ረቢዎች ጉባኤ የረቢ ኦቫድያን ውሳኔ መቀበሉ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የግእዙ ኦሪት በበኩሉ ትክክለኛ ቦታውን ቀድሞ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል ብሔራዊ በዓል በሆነው ስግድ ላይ ቄሶቹ ኦሪቱን ተሸክመው ይወጣሉ፤ በምኩራቡ የሰንበት ንባብ ባይገባም በሕዝቡ ፊት ይከበራል።

አንድ ጥርጣሬ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ መታየት አለበት፤ የታሪክ ተመራማሪው ጥርጣሬ። በደብረ ወርቅ ማርያም ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ወንጌላዊው ሉቃስ የሣላት እንደሆነች በትውፊት ይነገራል፤ ስለ ሌሎች ጥንታዊ ሥዕሎችም በኢትዮጵያና በሌላው ዓለም እንዲሁ ይባላል። አንድ የሥነ ጥበብ ተመራማሪ ሥዕሏ ከሉቃስ ዘመን ብዙ ዘግይታ የተሣለች ናት ቢል ምእመኑ ቅድስናዋ የተነካ ይመስለዋል። አይደለም። ማን ሣላት የሚለውና በቤተ ክርስቲያን ጸሎት የከበረች ናት ወይ የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱ በቀለሙና በሰሌዳው ምርመራ ይፈታል፣ ሌላው በሥርዓቱ። ሁለቱን ማደባለቅ ተመራማሪውን በክህደት፣ ካህኑን በድንቁርና ያስከስሳል። ከዕቃው መነሻ ጥርጣሬ ወደ ዕቃው ቅድስና ጥርጣሬ የሚያሻግር መንገድ የለም፤ ይህን አጥርተን ብንይዝ ተመራማሪና ካህን በአንድ ዕቃ ቤት ውስጥ ሊሠሩ ይችላሉ።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከጥንቁቅ ሰው ይመጣል፦ «በጥርጣሬ ጊዜ ማጥበቅ ምንጊዜም ይሻላል፤ የተጠረጠረው ሁሉ እንደ ረከሰ ይቆጠር» ይላል። ማጥበቅ ግን ነፃ አይደለም። የተገኘው ጽላት እንደ ሐሰት ተቆጥሮ ቢጣል አንዲት አጥቢያ ከአባቶቿ የተቀበለችውን ታጣለች፤ የኢየሩሳሌሙ ተቃውሞ እንዳሳየውም ጥንቃቄ ሌላው ሰው የሚከፍለው ዋጋ ሊሆን ይችላል። ማጥበቅ ተገቢ የሚሆነው የሚያጠብቀው ሰው ሸክሙን ራሱ ሲሸከም ነው፤ ካህኑ መጽሐፉ እስኪታረም ከሌላ ደብር ተውሶ ቢቀድስ ይህ ጥሩ ጥንቃቄ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ በሌላው ጫፍ ነው፦ «እግዚአብሔር ልብን ያያል፤ ይህ ሁሉ የፈሪሳውያን ቁጥጥር ነው» ይላል። እግዚአብሔር ልብን ማየቱ እውነት ነው። ነገር ግን ጽላትና ወንጌል የአንድ ሰው ዕቃ አይደሉም፤ የሕዝብ ናቸው። የሕዝብ ነገር በአንድ ሰው ስሜት ሲወሰን ኃይለኛው ሰው ይወስናል፤ ደንብ ሲኖር ግን የአለቃውም የዲያቆኑም ምስክርነት በእኩል ይመዘናል። ደንቡ ትሑታንን ይጠብቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፦ «እኛ ፍትሐ ነገሥት አለን፤ የአይሁድን ሕግ ምን አመጣው?» ይላል። የአይሁድን ፍርድ ይዘን እንፍረድ አላልኩም። ፍትሐ ነገሥት አስቀድሞ ስለ ቤተ ክርስቲያን ይናገራል፤ የማክበር ሥልጣንም የጳጳሱ መሆኑን ሥርዓታችን ያውቃል፤ ከዚህ የወጣ ሐሳብ አላቀረብኩም። ከረቢዎቹ የወሰድኩት የማሰብን ዘዴ ነው፤ ዘዴው ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የአንድምታ መምህራን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ ሲተረጉሙ የማይስማሙ ትርጓሜዎችን አስቀምጠው፣ የሚጸናውን ለይተው፣ ሌላውን ግን ሳይጥሉ ለተማሪ ያስተላልፋሉ። ያልተወሰነን ነገር በክብር መያዝ ጎጃም ውስጥ የኖረ ችሎታ ነው። የጎደለው ይህን ችሎታ ከመጽሐፍ ትርጓሜ ወደ ዕቃ ቤት ማስገባቱ ነው።

እንግዲህ ለየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤና ለየሀገረ ስብከቱ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። እያንዳንዱ ደብር በካህናቱ ምስክርነት የተፈረመ የንዋያተ ቅድሳት መዝገብ ይኑረው፤ ማን አመጣው፣ ማን ባረከው፣ መቼ ተጠገነ የሚለው ይጻፍበት፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥርጣሬ ግማሹ በዚያው ይፈታል። የተጠረጠረ ዕቃ በተገኘ ጊዜ በንጹሕ ልብስ ተጠቅልሎ በካህን እጅ ይቀመጥ፤ ለገበያም ለአገልግሎትም አይውጣ። የተቀመጠበት ቀን ይጻፍ፤ ውሳኔ የሚሰጥበትም ቀን አብሮ ይጻፍ። ዕቃውን ያመጣው ሰው፣ ድሃም ይሁን እስረኛ፣ ከተጠረጠረው ዕቃ ጋር አብሮ አይጠርጠር፤ በእርሱ ላይ የሚቀርብ ክስ ካለ በሕግና በማስረጃ ለብቻው ይታይ። ቅዱስ ነገርን የሚያዋርደው መጠርጠሩ አይደለም፤ ተጠርጥሮ ሳይወሰንለት መረሳቱ ነው፤ ስለዚህ በዕቃ ቤታችሁ ውሳኔ የሚጠብቅ ነገር ካለ ዘንድሮ አስወስኑት።